እኩል ብርሃን

ቀዩ ከአረንጓዴው እኩል አልደምቅ አለ። ለመመረቂያ የሠራችው ትንሽ የትራፊክ መብራት ከሰዓት በኋላ ለፈታኞች ይቀርባል፤ እሷ ግን ኤልኢዲ አምፖሎቹ ላይ ስታፈጥና «ይሄ ቀይ!» እያለች ስታጉረመርም ስላረፈደች የገዛ ዓይኗን ማመን አቅቷታል።

«አባዬ፣ እስቲ አንተ ፍረድ። የቱ ይደምቃል?»

«ቶሎ በይ፣ አንቺ ኢንጂነር! ተሳፋሪ እየጠበቀኝ ነው።» አባቷ የአገር አቋራጭ አውቶቡሱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ጎንበስ አለ። «አረንጓዴው ነዋ።»

ሽቦውን ከባትሪው ነቀለች፤ የአረንጓዴውን ድምቀት የሚመጥነውን ሬዚስተር በሌላ ቀየረች።

«አሁንስ?»

አፍንጫው አምፖሎቹን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግቶ፣ ጊዜ ወስዶ አያቸው። «አሁን ገና! እኩል ሆኑ። ቀዩም ቦግ ብሏል።»

ፊቷ ሊፈካ ነበር። ከባትሪው የነቀለችው ሽቦ ግን ገና በጣቶቿ መሃል ነው።

«ቀዩ በርቷል?»

«ምነው፣ ዓይን የለኝም እንዴ?» አለና ቁልፉን ፍለጋ ጠረጴዛውን በመዳፉ ዳበሰ። መጀመሪያ ያገኘው ጉጠቱን ነበር።

ቁልፉን ቀድማው አነሳች። በሩን ዘግታበት ወጣች።