የይርገዱ ተቀባይ

አዝማሪዋ ይርገዱ በስልሳ ስድስቱ ረሃብ ወግዲ መንገድ ላይ ወድቃ ከቀረች ወዲህ፣ መልአኩ መካነ ሰላም ተቀምጦ ገና በለጋነቷ የተቀረጹ ዘፈኖቿን ከአሮጌ የቴፕ ክር እየሰማ ይመርጣል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ረሃቡ ገና አልለቀቀም ነበርና፣ ደጁን የሞሉት ረሃብተኞች እንዳያዩት በሩን ዘጋና ዳቦውን ቆረሰ። ሲጎርስ የገዛ እጁን ማየት አሳፈረው፤ ቢሆንም በላ።

በክሩ ውስጥ ይርገዱ ስንኟን አውጥታ «ተቀበል!» ባለች ቁጥር አንድ ጎልማሳ ድምፅ ይቀበላታል። በመጨረሻው ዘፈን ግን የሚቀበላት ጠፋ። ማሲንቆው ቆመ።

«የኔ ጌታ፣» አለች ይርገዱ፣ «ዳቦውን ዋጥና ተቀበለኝ እንጂ።»

መልአኩ ማኘኩን ተወ። ክሩ ግን መዞሩን አልተወም፤ ይርገዱም እስኪውጥ ድረስ ዝም ብላ ጠበቀችው።