ባዶ ቱቦ

የምርምር ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ይግለጡ ምድር ቤት ወዳለው የወጣቷ ተመራማሪ ላቦራቶሪ መውረድ ስለከበዳቸው፣ አምስተኛ ፎቅ ቢሯቸው ተቀምጠው በስክሪን ያፋጥጧታል።

«ስሚ ልጄ፣ ብርሃን የሚሄደው በመስታወት ውስጥ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ የፋይበር ክር ብለሽ ማንን ልታሞኚ ነው?»

«መስታወቱ እኮ ብርሃኑን እየበላ ያደክመዋል፤ አየር አይበላውም። ዳር ዳሩን ያሉት ስስ ቀለበቶች እንዳያመልጥ ይይዙታል» አለች፣ ለስንተኛ ጊዜ።

«ተረት! አንዲት ቃል እንኳ አያሻግርም!»

«ድምፄ በደንብ ይሰማዎታል?»

«ጥርት ብሎ! መልክሽም እንደዛሬ ጠርቶ አያውቅም። ወሬ አታስቀይሪብኝ! ጥናቱ ተዘግቷል። ያንን ባዶ ቱቦሽን አሁኑኑ ንቀይልኝ!»

«እሺ» አለችና፣ ጠዋት እስከ ቢሯቸው ድረስ ራሷ የዘረጋችውን ቀጭን ክር ከኮምፒውተሯ ነቀለችው።

ዶክተር ይግለጡ አፋቸውን እንደከፈቱ ከስክሪኑ ጠፉ።