የቅዳሜ አየር

ሰውየውን ሰፈሩ «ጋሽ አልኮል» ይላቸዋል። ጠጪ ሆነው አይደለም። ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ የበሩን እጀታ፣ የስልኩን ቀፎ፣ አንዳንዴም ሰላም ያላቸውን ሰው ፊት ሳይቀር በአልኮል ስለሚረጩ ነው።

አጣቢዋ ጓሯቸው ካለች አንዲት ክፍል ትኖራለች። ሥራዋም ጣራዋም በእሳቸው እጅ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ቤት ስትገባ በረሮ ያዩ ይመስል ከእግር እስከ ራሷ ይነፉባታል።

አምስት ወር ሙሉ ከግቢው የወጣ የለም። እሷ ሳሙና ልትገዛ፣ እሳቸው ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የስድስት ዓመት ብቸኛ ልጃቸውን አየር ሊያስቀበሉ፣ በቃ። መስኮቱ ጥርቅም ተደርጎ በተዘጋ መኪና ምን ዓይነት አየር እንደሚገኝ እሳቸው ያውቃሉ። አጣቢዋ የምታውቀው ሰኞ ሰኞ ከልጅቷ ካልሲ አሸዋ ማራገፏን ነው።

ታዲያ አንድ ቀን አያትየው፣ ልጅቷን አቅፈው የሚያድሩት የሚስታቸው የእትዬ እናት፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ሆስፒታል ገቡ። ኮሮና ነው ተባለ፤ ኦክስጅን ተሰካላቸው።

ፍርዱ ደቂቃ አልፈጀም።

«አንቺ ነሽ ያመጣሽብን!» አሉ ጋሽ አልኮል፣ ሦስት ሜትር ርቀው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አንድ ቀን እንኳ አላሳለኝም።»

«ተደብቆ ነዋ! የአንቺ ቢጤ ምኑ ይታመናል? ትመረመሪያለሽ። ከተገኘብሽ ዛሬውኑ ጓዝሽን ጠቅልለሽ ውልቅ!»

እትዬ ዓይናቸው በለቅሶ አብጦ በረንዳው ላይ ቆመዋል።

የላብራቶሪ ባለሙያው በነጭ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ መጣ።

«ይኼ አንቲቦዲ ነው የሚያየው» አለ። «ቫይረሱ ሲገባ ሰውነት የሚሠራው መከላከያ ነው። ሰውየው ቢድንም፣ ጭራሽ ባያመውም፣ ደሙ ውስጥ ይቆያል። ጋሼ፣ እጅዎን?»

«እኔ? እኔ ምን በወጣኝ!» እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። መርፌ ይፈራሉ፣ ጀግናው። «ይልቅ ንጹህ ደም ምን እንደሚመስል እንድታይ የልጄን ውሰድ። አንዴ እንኳ አላስነጠሳትም!»

ልጅቷ ጣቷን ዘረጋች፤ አላለቀሰችም። አጣቢዋም ተከትላ ጣቷን ሰጠች። ውጤቱ እስኪደርስ ያለውን ሩብ ሰዓት፣ ብርድ ልብሷ በየትኛው ፌስታል እንደሚገባ ስታስብ አሳለፈችው።

ባለሙያው ሁለቱን መመርመሪያዎች ጎን ለጎን አያቸው።

«እሷ ምንም የለባትም» አለ ወደ አጣቢዋ እየጠቆመ።

«ደግመህ እየው!»

«አየሁት እኮ። አንቲቦዲ ያላት ልጅዎ ናት። እሱም የሰነበተ ነው፣ ከአያቷ ቀድሞ ይዟታል። ልጆች እንዲህ ናቸው፤ ሳያስላቸው፣ ሳይተኙ፣ ሰውነታቸው ድምፁን አጥፍቶ ይጨርሰዋል።»

«ውሸት! ታዲያ ከዚች በቀር ማን ይነካታል? ልብሷን የምታጥበው ማን ሆነና!»

«የሌለባት ሰው ምኑን ታጋባታለች?» አለ ባለሙያው፣ ጓንቱን እያወለቀ።

አጣቢዋ ከአምስት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሼን ቀና ብላ አየቻቸው። የአልኮሉ ጠርሙስ እጃቸው ላይ ይንጠባጠባል።

እትዬ ልጃቸው ፊት በርከክ አሉ። «የኔ እናት፣ ማን ነው ያሳለብሽ?»

«የቅዳሜው ቤት ወንድሜ ነዋ» አለች ልጅቷ። «እሱን እኮ አባዬ አልኮል አይረጨውም።»