ችካሉ የተነቀለ ዕለት

ስንቄ የእርከኑን ችካል ነቅላ በእጇ ያዘችው። ከደባርቅ የመጣው የልማት ሠራተኛ የእርከኑን መስመር ማመልከቻ ገመድ የዘረጋው የክረምት ጎርፍ በሚወርድበት ፈሰስ ላይ፣ የገብስ ማሳዋን ለሁለት ከፍሎ ነበር።

«መልሺ!» ብሎ ጮኸ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ የሟች ባሏ ወንድም። «ልማት ማደናቀፍ ያሳስራል!»

«እሰረኝ!» አለችው ችካሉን እንደጨበጠች። «ስብሰባ ልገባ ስል ‹ሴት ምን አገባት› ብለህ ከበር መለስኸኝ። ለምክሩ ሴት፣ ለቁፋሮው ገበሬ ነኝ? ሐምሌ ሲገባ ውሃው የእርከኑን ካብ ንዶ ከነአፈሬ ገደል ይከተዋል። አንድ ቀን እንኳ ጠይቃችሁኛል?»

የልማት ሠራተኛው ሳቀ። «እንግዲያ መሐንዲሷ፣ የት ይሁን?»

ሲቀልድባት ነበር። እሷ ግን ፈሰሱን ትታ ሃያ እርምጃ ወደ ጎን ሄደችና ችካሉን በድንጋይ ቀጥቅጣ ተከለችው። ለቁፋሮው የተሰበሰቡት ገበሬዎች ሁሉ ሊቀ መንበሩን አዩ፤ ሊቀ መንበሩም ዓይን ዓይናቸውን እያየ፣ «የሚነቃነቅ ወዮለት!» አለ። ያን ጊዜ ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው አጠገቧ መጥተው ቆሙ።

«ከየት እንጀምር፣ ልጄ?» ሲሉ ጠየቋት።

ንዴቷ ገና አልበረደም፤ ችካሉን የተከለችበትን ቦታ በእጇ አሳየቻቸው።