ያልተወችው ሽታ

ሐኪሞቹ ከግንባሯ በስተኋላ ያደገውን ዕጢ ካወጡላት ወዲህ፣ ባሏ ወደተኛችበት ክፍል በገባ ቁጥር ያቅለሸልሻታል። ጎንበስ ብሎ ሲስማት ትንፋሿን ትይዛለች። ሾርባ ሲያጠጣት ጣቱ ከንፈሯን ከነካ ይዘገንናታል። ትናንት እጁ ላይ አስታወከችበት፤ እሱ ግን አፏን በመሐረቡ ጠረገላት።

"የበሰበሰ ነገር ይሸተኛል፤ እሱ ሲመጣ ብቻ" ስትል አጠገቧ ለተኙት ለእትዬ ዘርትሁን ነገረቻቸው።

እሳቸውም ጭንቅላታቸው ላይ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው በቅርቡ ነው። "አይዞሽ ልጄ" አሏት ፋሻቸውን እየነካኩ። "እኔም ውሃው ሁሉ የተቃጠለ ጎማ ይሸተኝ ነበር። የገዛ ልጄን ፀጉር ተጠይፌ አልቅሻለሁ። የቀዶ ጥገናው ጣጣ ነው፤ ያልፋል።"

እሷም በእፎይታ አለቀሰች። ጥፋቱ የቀዶ ጥገናው ነበር ማለት ነው።

በማግስቱ ሐኪሙ ዓይኗን አስጨፍኖ የተፈጨ ቡና፣ ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት፣ በመጨረሻም በረኪና አፍንጫዋ ሥር አስጠጋላት።

"ምን ይሸትሻል?"

"ምንም።"

ሐኪሙ አጠገቧ ተቀመጠ። "ዕጢውን ስናወጣ የማሽተት ነርቮችሽ ተጎድተዋል" አላት ቀስ ብሎ። "ከቀዶ ጥገናው ቀን ጀምሮ ክፉም ሆነ ደግ ሽታ ልታሸቺ አትችዪም።"

ሐኪሙ ሲወጣ እትዬ ዘርትሁን ዞር ብለው አዩዋት። ከኮሪደሩ የባሏ ድምፅ ተሰማ፤ ከነርሷ ጋር ሰላምታ እየተለዋወጠ ነው።

ብርድ ልብሱን እስከ ፊቷ ሳበችው።

"እትዬ፣ ተኝታለች ይበሉልኝ።"