አረንጓዴ ለባሿ

ወለላ በዕድሜዋ የቀረችበት ሰርግ አንድ ብቻ ነው። እሱም ልብስ ሰፊው ጀሚል ቀሚሷን በቀኑ ስላላደረሰላት ነበር። "በአሮጌ ቀሚስ ሰው መሃል ከምገባ ሰርጉ ይቅርብኝ" ብላ ቤቷ ተቀመጠች። ችግሩ፣ ሰርጉ የዘሊካ ትልቋ ልጅ ሰርግ ነበር።

ዘሊካና ወለላ ቆቦ ላይ አንድ አጥር እየተካፈሉ ሃያ ዓመት የኖሩ ጎረቤቶች ናቸው። ከዚያ ሰርግ በኋላ ዘሊካ ሮቢት ገባች። ወለላም ከሃፍረቷ የተነሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አዲሱን ቤቷን ሳትረግጥ ቀረች። ባለፈው ሳምንት ዘሊካ ራሷ ደወለችላት።

"የትንሿ ልጄ የቶይባ ሰርግ ቅዳሜ ነው። ከዚህም ከቀረሽ፣ ወላሂ፣ ለቀብሬም እንዳትመጪ።"

"ኧረ ሰው ሁሉ ሳይመጣ ነው የምገኘው! ሙዚቃ አለ?"

"ማሲንቆም ኦርጋንም ከወልድያ ይመጣል፣ መንገድ ካላቆያቸው። ከአስፋልቱ ገባ ስትይ ዳሱን ታይዋለሽ።"

ወለላ ሦስት ቀን የጀሚል ደጃፍ ተቀምጣ ቀሚሷን አሰፋች። ቢጫ ነው፤ ጥልፉ ከአንገት እስከ እግር ይወርዳል። ቅዳሜ አብራት ልትሄድ የመጣችው ጎረቤቷ መቅደስ ስታያት ሳቋ አመለጣት።

"ሙሽራዋ አንቺ ነሽ እንዴ?"

"ከወሰዱኝ ምን ከፋኝ!"

"ባልሽ ደምሴስ?"

"እሱ ሚዜ ይሁን።"

የሰፈሩ ሴቶች በጠዋት በሚኒባስ ሄደዋል። ወለላ ግን ጥልፉ ይጨማደድብኛል ብላ ባጃጅ ካልሆነ አለች። የሰርግ ወር ቅዳሜ ነውና ባጃጁ ሁሉ ሰርገኛ ጭኗል፤ አንድ ለማግኘት ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሙ።

ሮቢት ሲገቡ ከመጀመሪያው ዳስ የስልክ ዘፈን በስፒከር ይሰማል።

"ምስኪኖች፣ በስልክ ይድራሉ" አለች ወለላ። "ንዳው!"

እልፍ እንዳሉ ማሲንቆ ተሰማ። ወለላ ባጃጁ በቅጡ ሳይቆም ወረደች።

በር ላይ የቆሙት ሽማግሌ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"መርሐባ! ክርስቲያን ናችሁ?"

"ነን፣ አባቴ።"

"በቀኝ በኩል ግቡ። የእናንተ ለብቻው ታርዷል።"

ወሎ ላይ ሰርገኛ ከዚህ ሌላ አይጠየቅም። ወለላ በላች፤ ከዚያ ተነስታ ጨፈረች። ቢጫ ቀሚሷን ዳሱ ሁሉ አየላት፤ ደስ አላት። ዘሊካ አልታየችም። የሙሽራ እናት ደግሞ ከጓዳ መቼ ትወጣለች! የሰፈሩ ሴቶችም የሉም፤ ሙሽራዋን እያስዋቡ ይሆናል።

አረንጓዴ ለባሿን ያየቻት ያን ጊዜ ነው። የሴትየዋ ጥልፍ ከወለላ ጥልፍ ይበልጣል። እውነቱን ለመናገር ጥርጣሬው የጀመረው ከዚህ ነው።

"ይችን ታውቂያታለሽ?" አለች ወለላ።

"አላውቃትም" አለች መቅደስ።

"እኔም አላውቃትም። የዘሊካ ዘመድ ደግሞ እኔ የማላውቀው የለም።"

ሴትየዋ አትቀመጥም። ከሙስሊሙ ወገን ወደ ክርስቲያኑ፣ ከክርስቲያኑ ወደ ሙስሊሙ ስትዞር ትቆይና አሳላፊዎቹን በጆሯቸው ታንሾካሹክላቸዋለች። አንድ ጊዜ ክዳን ያለው ሳህን ይዛ በጓሮ ወጣች። ስትመለስ እጇ ባዶ ነበር።

"አየሻት? ወጡን እያሻገረች ነው!" አለች ወለላ። "ሰርግ እየዞረች ወርቅ የምታነሳ ሴት አለች ሲሉ አልሰማሽም? ልብሷ ያማረ ነው ብለዋል።"

"ያንቺም ልብስ ያማረ ነው።"

"እኔ ተጠርቼ ነው!"

በዚህ መሃል ስልኳ ጠራ። ዘሊካ ናት። ከኦርጋኑ ጩኸት የተነሳ አንድም ቃል አልተሰማትም።

"መጥቻለሁ! ዳሱ ውስጥ ነኝ!" ብላ ጮኸች። "አብሽሪ፣ ሌባዋን እኔ እይዝልሻለሁ!"

ዘጋችውና ትልቅ እፎይታ ተሰማት። ሁለት ዓመት ሲያንገበግባት የኖረውን ጥፋት የምትክስበት ቀን ደርሷል። ከዛሬ በኋላ ዘሊካ በእሷ አትቀየምም።

ሙሽራዋ ፊቷን በቀይ ሻሽ ተከናንባ ወጣችና ተቀመጠች። አረንጓዴ ለባሿ ጊዜ አላጠፋችም፤ ተጠግታ አንገቷ ላይ ያለውን ወርቅ መነካካት ጀመረች።

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለች ወለላ። መቅደስ ቀሚሷን ይዛ ልታስቀራት ሞከረች፤ ጥልፉን እንዳትበጥስባት ፈርታ ለቀቀቻት። ወለላ በጭፈራው መሃል አቋርጣ አዝማሪው ፊት ቆመች።

"ተቀበል!" አለችው።

"የተጠራው ሁሉ ወገኑ ታወቀ፣
አረንጓዴ ለባሿን ማን ነው የጠየቀ?"

አዝማሪው የአላማጣ ሰው ነው፤ የሰጡትን ይዘፍናል። የመጀመሪያውን ስንኝ አሳምሮ ለቀቀው። ሁለተኛው ላይ ግን ዓይኑ አረንጓዴው ቀሚስ ላይ አረፈና ማሲንቆውን አወረደ። ኦርጋኑም ቆመ።

"እጅሽን ከሙሽራዋ አንገት አንሺ!" አለች ወለላ። ወደ ሕዝቡ ዞረች። "ይችን ሴት የሚያውቃት አለ? ከማን ወገን ናት?"

ሰው ሁሉ አቀርቅሮ መሬት መሬቱን ያያል። ወለላ ዝምታውን ለራሷ ምስክር ቆጠረችው።

አረንጓዴ ለባሿ አልተቆጣችም።

"የኔ እናት፣ ሙቀቱ ነው" አለች። አሳላፊዎቹንም "ቀዝቃዛ ውሃ ስጧት" ብላ አዘዘች።

"ውሃሽን አልጠጣም! የማን እንግዳ ነሽ፣ ተናገሪ!"

ሙሽራዋ ቀዩን ሻሽ ከፊቷ ገለጠች፤ ወደ አረንጓዴ ለባሿም ዞረች።

"እማ፣ እኚህ ሴትዮ ማን ናቸው?"