ዓሣ ነባሪ የሚያባርረው አስጎብኚ

ግራጫዋ ዓሣ ነባሪ ከጀልባዋ አጠገብ ብቅ ስትል፣ ሽማግሌው አንድ እጁን ከሞተሩ መሪ ሳያነሳ በሌላው መቅዘፊያ ይዞ የጀልባዋን ጎን ይደበድብ ጀመር። በሜክሲኮ ባሕር ዳርቻ የሳን ኢግናሲዮ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ እንዲያ ሲያደርግ ነው ያደገው፤ ዓሣ ነባሪ ጀልባ ትገለብጣለችና ከሩቁ ትባረራለች። ችግሩ፣ ዛሬ ጀልባዋን የሞሉት ፈረንጆች ከዓለም ዳርቻ የመጡት እሷኑ ለማየት ነበር።

«አባዬ፣ በማርያም! ለእንግዶቼ ምኗን ልታሳያቸው ነው? ጭራዋን?» አለች ሴት ልጁ ኦቴሊያ። አስጎብኚነት የተማረችው እሷ ናት፤ አባቷ ግን መሪውን አንድም ቀን አስይዟት አያውቅም።

«ጭራዋም ይበቃቸዋል! ስንገለበጥ አንቺ በሰርተፊኬትሽ ትንሳፈፊያለሽ።»

ዓሣ ነባሪዋ ግን አልሸሸችም። የሚንኳኳው ምን እንደሆነ ለማየት የጓጓች ይመስል ቀረበች፤ ግልገሏንም ከሥር ገፋ አድርጋ ወደ ላይ አወጣችው። ፈረንጆቹ እጃቸውን ዘርግተው ተንጫጩ። ግልገሉ እነሱን አልፎ መቅዘፊያው ሥር ሲደርስ ቆመና ራሱን ከውሃው አውጥቶ ሽማግሌውን አየው። የተነሳው መቅዘፊያ አየር ላይ ቀረ።

«ልጇን እኮ ነው ያመጣችልኝ» አለ ሽማግሌው፣ ለማንም ሳይሆን። መቅዘፊያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና መዳፉን እርጥቡ ግንባር ላይ አሳረፈ። ግልገሉ ይበልጥ ተጠጋው። አንድ እጅ አልበቃ አለ።

«ኦቴሊያ» አለ፣ ዓይኑን ከግልገሉ ሳይነቅል፣ «ነይ፣ መሪውን ያዢ።»